የጣሊያን መንገድ ሒሳቡ የማን ነው?

ከዋግ ወርዶ ቆረም ላይ ዋናውን ጎዳና የያዘ ተሳፋሪ «ጣሊያን ትንሽ ቢቆይልን ኖሮ» የሚል ሰው አያጣም። አንዳንዱ እንዲያውም ቢሊዮን ሊሬ አፍስሰውልን ዕዳቸውን ሳንከፍል አባረርናቸው ይላል። ወሬው ጉዳት አለው። ወጣቱ የአያቶቹን ተጋድሎ ልማት እንዳደናቀፈ ነውጥ ማየት ይጀምራል።

ነገሩ ሙሉ በሙሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ከአስመራ በቆረምና በደሴ አዲስ አበባ የሚዘልቀው ጎዳና፣ የጣርማ በር ዋሻም ጭምር፣ የጣሊያን ሥራ ነው። ለዚህም ሮም እዚህ ከሰበሰበችው ግብር እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ አውጥታለች። መንገድ ሲናፍቅ የኖረ የሰቆጣና የጽጽቃ ሰው አስፋልት ሲያይ ቢደነቅ አልፈርድበትም።

ግን ያ ገንዘብ ለማን ወጣ? መንገዱ መጀመሪያ ያመላለሰው ወታደርና ጥይት ነው። ኮንትራቱን የያዙት የጣሊያን ኩባንያዎች ናቸው፤ ከአገራቸው የመጡት ሠራተኞችም ደመወዛቸውን ለቤተሰባቸው ይልኩ ስለነበር ሊሬው ዞሮ ጣሊያን ይገባ ነበር። አበድሩኝ ብሎ የፈረመ ኢትዮጵያዊ የለም። ዋግ ከዚያ አገዛዝ ምን እንዳገኘ ለመጠየቅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ማስታወስ ይበቃል፤ በ1929 ክረምት ሕዝቡን አስነሥተው ሲዋጉ ቆይተው መስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ጭንቅላታቸውም ተቆርጦ ለማስፈራሪያ ተሰቀለ። ይህን በየትኛው የሒሳብ ዓምድ እንደሚጽፉት ወሬኞቹ ይንገሩን!

ሕጉም ቢሆን ከእነሱ ጋር አይደለም። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነ፤ ተጠያቂነቷም ወረራው ከተጀመረበት ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አንሥቶ እንዲቆጠር ደነገገ። የጣሊያን መንግሥት እዚህ የነበረው ንብረትም፣ ከኤምባሲ ግቢ በቀር፣ ለኢትዮጵያ ተላለፈ። ስለዚህ ባለዕዳ ካለ ጣሊያን ናት። እሱንም ሙሉ በሙሉ አልከፈለችም፤ በ1948 ዓ.ም. በተደረሰ ስምምነት ካሣው ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። ድርድሩ ብልህነት ነበር ወይስ ሽንፈት? አሁንም ያከራክራል፤ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። «ቆቃን ጣሊያን በነፃ ሠራልን» ለሚሉም መልሱ ይኸው ነው፤ ግድቡ የተሠራው በዚሁ የካሣ ገንዘብ ነው።

«ንጉሡ የአገሩን ገንዘብ ይዘው ሸሹ» የሚለውስ? ይዘውት ሄዱ ስለሚባለው ወርቅ ብዙ ይወራል። በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሚታየው ግን አፄ ኃይለ ሥላሴ ለንደን ውስጥ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ አለበት ብለው መክሰሳቸው ነው። በመጀመሪያው ችሎት ረቱ። ይግባኙ ሳይታይ፣ ኅዳር 1931 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዥ ብላ ዕውቅና ሰጠች፤ ገንዘቡም የጣሊያን ነው ተባለ።

ሊሬ የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ከገበያ አጥፍቷል የሚሉም አሉ። ከአሞሌ ጨው ጎን የጠገራ ብር ሲቆጠር የኖረበት የሰቆጣ ገበያ የወረቀት ገንዘብ አያምንም ነበር፤ ሌላውም አገር እንደዚያው። ሮም የጠገራውን ማተሚያ ቅርጽ በ1927 ከኦስትሪያ ወስዳ ራሷ እስከ ማተም የደረሰችው ለዚህ ነው።

ከነፃነት በኋላም ጣጣው አላለቀም። እንግሊዝ በ1934 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ባደረገችው ስምምነት ለመንግሥቱ የገንዘብ ድጋፍ ሰጠች፤ ገበያው ግን በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይሠራ ነበር። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሲወጣ ሕዝቡ ወረቀቱን እንዲቀበል ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ማዕድን ተሠራ። ማዕድኑ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ የሚመለስ ውሰት ነበር።