ወርቅ የለበሰ ፎቴ

ሀርጌሳም ሆነን እንግዳ ሲመጣ «ፎቴው ላይ አረፍ በሉ» እንላለን። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ እነሱ ግን ፎቴ የሚሉት ለአንድ ሰው የሚሆነውን፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለውን ወንበር ብቻ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የተሠሩት ፎቴዎች ብዙዎቹ ወርቅ ቅብ ናቸው። ወርቁ እንጨቱ ላይ በቀጥታ አይለጠፍም። የተቀረጸው እንጨት በጠመኔ ዱቄትና በቆዳ ሙጫ ደጋግሞ ይቀባል፤ በላዩ ቀይ ሸክላ አፈር ይደረጋል። ከዚያ ትንፋሽ የሚያበረው ስስ ወርቅ በውኃ ይለጠፍና በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። ክንዱ ጋ ወርቁ ሲሳሳ ቀይ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። አቧራ አየሁ ብሎ በእርጥብ ጨርቅ የወለወለ ሰው ወርቁን ይዞት ይነሳል! የሚጠረገው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ነው።

የመቀመጫው ስዕል ጥልፍ ይመስላል እንጂ አይደለም። እንደ ሀበሻ ቀሚስ ጥበብ አብሮ የተሸመነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1664 የተቋቋመው የቦቬ ሽመና ቤት የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ሳይቀር ለወንበር ሸምኗል። ቀበሮ ላይ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ማለት ነው። ፀሐይ ግን ቀለሙን ይበላዋል፤ ከፊት የደበዘዘው ስዕል ጨርቁ ሲገለበጥ ከጀርባው ደማቅ ሆኖ ይገኛል።