ለቴአትር ፎቶ የትኛው ካሜራ ይሻላል?



በሙያዬ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ጀርመን ከመጣሁ በኋላ ግን ሌላ ሥራም ያዝኩ፤ ቅዳሜና እሁድ ቴአትር ፎቶ አነሳለሁ። ስለዚህ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ «የቴአትር ፎቶ አንሺ መሆን እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። የሚያወጡት ገንዘብ በትርፍ ሰዓት ሥራ ያጠራቀሙት ነው። ስለዚህ መልሱን በጥንቃቄ መስጠት ያስፈልጋል።

እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች መሣሪያ ከመምረጣችን በፊት «ሥራው ምን ይፈልጋል?» ብለን እንጠይቃለን። እስቲ መድረክን እንዲሁ እንጠይቀው። መድረክ ጨለማ ይበዛዋል። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ተዋናዩንም ተመልካቹንም ይረብሻል። ድምፅ ማሰማት ነውር ነው። ያለፈ ትዕይንት ደግሞ ለፎቶ ተብሎ አይደገምም። በተለይ በውጭ አገር ያሉ የእኛ ሰዎች ቴአትር የሚያሳዩት ብዙ ጊዜ በኪራይ አዳራሽ፣ ለአንድ ምሽት ብቻ ነው። በማግስቱ ከዚያ ምሽት የሚቀረው ፎቶው ነው።

ዝምታ

መጀመሪያ የምመለከተው የካሜራውን ድምፅ ነው። በቀድሞዎቹ ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ውስጥ መስታወት አለ። ቁልፉን በተጫንን ቁጥር መስታወቱ ተነሥቶ ይመለሳል፤ «ቀጭ» የሚል ድምፅም ያሰማል። ሠርግ ላይ ይህን ድምፅ ማንም አይሰማውም። ቴአትር ቤት ውስጥ ግን ሁሉም ይሰማዋል።

አንድ ቀን በተመልካችነት ተቀምጬ ነበር። በመድረኩ ላይ አንዲት እናት የልጇን መርዶ ሰምታ ዝም አለች። አዳራሹም አብሯት ዝም አለ። በዚያች ቅጽበት ከጎን በኩል አንድ ካሜራ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» አለ። ከፊቴ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዞረው ወደ ካሜራው አዩ። ተዋናይዋ ወራት የተለማመደችበት ዝምታ በዚያው ጠፋ።

ስለዚህ መስታወት የሌለው፣ በኤሌክትሮኒክ መዝጊያ ያለ ድምፅ የሚያነሳ ካሜራ ምረጡ። ዛሬ አዲስ የሚወጡት ካሜራዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

የመድረኩ መብራት

ሁሉም ዝምተኛ ካሜራ ግን እኩል አይደለም። ኤሌክትሮኒክ መዝጊያ ፎቶውን የሚያነበው እኛ ጽሑፍ እንደምናነበው ነው፤ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ወደ ታች ይወርዳል። ብዙዎቹ የኤልኢዲ መብራቶች ደግሞ በጣም በፍጥነት ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ዓይናችን ይህን አያይም፤ ካሜራው ግን ያየዋል። መብራቱ ሲበራ የተነበበው መስመር ብሩህ ይሆናል፤ ሲጠፋ የተነበበው ይጨልማል። ውጤቱ በተዋናዩ ፊት ላይ የተጋደሙ ጥቁር መስመሮች ናቸው። እነዚህን በኮምፒውተር አስተካክሎ ማጥፋት እጅግ ከባድ ነው።

ልዩነቱ ያለው በንባቡ ፍጥነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 በዝምታ ሲሠራ አንድ ፎቶ አንብቦ ለመጨረስ በግምት 1/15 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ2023 የወጣው ኒኮን ዜድ8 በግምት በ1/270 ሰከንድ ይጨርሳል። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው ሶኒ ኤ9 ማርክ 3 ደግሞ መስመሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነባል። ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይለያያል። አዲስ ሲወጡ የመጀመሪያው ወደ 2,000፣ ሁለተኛው ወደ 4,000፣ ሦስተኛው ወደ 6,000 ዶላር ነበሩ።

ታዲያ ውዱን መግዛት ግዴታ ነው? አይደለም። አዳራሹ በቀድሞው የሃሎጂን አምፖል የሚበራ ከሆነ እነዚያ መስመሮች እምብዛም አያስቸግሩም፤ ርካሹ ካሜራ ይበቃል። ንባቡ ዘገምተኛ የሆነ ካሜራ በእስክስታ ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ትከሻ ሊያጣምመው እንደሚችል ግን አስታውሱ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ልትሠሩባቸው የምታስቧቸውን አዳራሾች ጠይቁ፤ «መብራታችሁ ምን ዓይነት ነው?» በሉ። ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ሊያተርፍላችሁ ይችላል።

ሌንሱ

ብዙ ሰው ሜጋፒክሰል ይቆጥራል። ለቴአትር 24 ሜጋፒክሰል ይበቃል፤ በጥሩ ጥራት 50 በ34 ሴንቲሜትር የሚያህል ፎቶ ያሳትማል። ትልቁ ጉዳይ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን ነው።

ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ርካሽ ሌንስ ብዙ ጊዜ ራቅ ያለውን ሲያቀርብ ክፍተቱ ወደ ኤፍ 5.6 ይጠባል። ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ከዚያ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ባለሙያዎች የሚይዙት ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚያጎላ፣ ክፍተቱ ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ነው። ውድ ነው፤ ከባድም ነው። ለጀማሪ ግን 85 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ጥሩ መነሻ ይሆናል። አያጎላም፤ ስለዚህ ቦታችሁን በደንብ መምረጥ አለባችሁ። ዋጋው ግን በጣም ያነሰ ነው፤ የሚያስገባውም ብርሃን ከኤፍ 2.8 ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ካሜራ በየጥቂት ዓመቱ በአዲስ ይተካል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል። ገንዘብ ካነሳችሁ ከካሜራው ቀንሱ፤ ከሌንሱ አትቀንሱ።

ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ

አሁን የእኛን መድረክ ወደሚመለከተው ጉዳይ ልምጣ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ከፊቱ ያለው ነገር በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። መድረኩ በነጭ የአገር ልብስ ከተሞላ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ፎቶውን ያጨልመዋል። ያኔ የተዋናይዋ ጠይም ፊት ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ዓይኗም አይታይም። ጀርባው ጥቁር መጋረጃ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ፎቶውን ያበራና ነጠላዋን ወረቀት ያስመስለዋል። የጥበቡ ቀለምና ክር ይጠፋል።

መፍትሔው ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ ብርሃኑን በእጃችሁ አስተካክሉ። 1/200 ሰከንድ፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ ከ3200 እስከ 6400 ጥሩ መነሻ ነው። መስታወት የሌለው ካሜራ ደግሞ ፎቶው ምን እንደሚመስል ከማንሳታችሁ በፊት በማያው ውስጥ ያሳያችኋል። ሁለተኛ፣ ነጩ ልብስ እንዳይቃጠል ተጠንቀቁ፤ የጠፋ ነጭ አይመለስም። ሦስተኛ፣ ፎቶውን በሮው አስቀምጡ። ያኔ የጨለመውን ፊት በኋላ በኮምፒውተር ማንሳት ይቻላል።

ካሜራ ስትመርጡም ይህንኑ ፈተና ስጡት። አንድ ዘመዳችሁን ነጠላ አልብሱና ጨለማ ክፍል ውስጥ በአንድ መብራት ሥር አስቀምጡት። በአይኤስኦ 6400 አንሱትና ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ። የዓይኑ ብርሃንም የጥበቡ ክርም ከታዩ፣ ያ ካሜራ ለእኛ መድረክ ይሆናል።

ከመክፈላችሁ በፊት

መጀመሪያ ተከራዩ። በብዙ ከተሞች ካሜራና ሌንስ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ይከራያል። የቴአትሩን አዘጋጅ፣ ማለትም ተዋንያኑን የሚመራውን ሰው፣ አስፈቅዱና በሙሉ ልብስ በሚደረገው የመጨረሻ ልምምድ ላይ አንሱ። በልምምድ ጊዜ እንደልብ መንቀሳቀስ ይቻላል፤ የሚረበሽ ተመልካችም የለም።

የካሜራውን «ጢጥ» የሚል ድምፅና ከፊት በኩል የሚበራውን ትንሽ የትኩረት መብራት አጥፉ። ሁለት የሚሞሪ ካርድ ቦታ ያለው ካሜራ ይሻላል፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ምሽቱ በሌላው ይተርፋል። ትርፍ ባትሪም ያዙ።

እኔ ዛሬ በ2,000 ዶላር ብጀምር፣ ያገለገለ ነገር ግን ዝምተኛ ባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ፣ አንድ 85 ሚሊሜትር ሌንስና ሁለት ባትሪ እገዛ ነበር። የቀረውን ገንዘብ አስቀምጬ ኤልኢዲ ያለበት አዳራሽ ሲጠራኝ ፈጣኑን ካሜራ እከራይበታለሁ። ሥራው ሲበዛ ደግሞ ሥራው ራሱ ቀጣዩን ካሜራ ይገዛል።