የጀልባን የሆድ ቀለም በመድኃኒት ስለ ማስለቀቅ

በባሕር ዳር የሚኖሩ ባለ ጀልባዎች ጀልባቸውን በየጊዜው ከውኃ አውጥተው በየብስ ላይ ያቆማሉ፤ ሆዱንም ይመረምራሉ። የጀልባ ሆድ የሚባለው በውኃ ውስጥ ተዘፍቆ የሚኖረው የታችኛው ወገን ነው። በዚህ ወገን ላይ የሚቀባው ቀለም እንደ ቤት ቀለም ለውበት የተቀባ አይደለም፤ በውስጡ መርዝ አለበት። አሮጌውን ቀለም ሊያስለቅቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መርዙ ለምን እንደ ገባበት ማወቅ ይገባዋል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ጀልባውን ያጠራ እየመሰለው ሳንባውንና ባሕሩን ያበላሻልና። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ መርዝ ያለበት ቀለም ለምን እንደሚቀባ

በጨው ባሕር ውስጥ የቆመ ነገር ሁሉ ባዶውን አይቀርም። በመጀመሪያ ዓይን የማያያቸው ረቂቃን ነፍሳት ይለጠፉበታል፤ ቀጥሎ የባሕር ሣር ይበቅልበታል፤ ከዚያም በኋላ ዛጎል ያላቸው ትንንሽ እንስሳት እንደ ድንጋይ ተጣብቀው ይኖሩበታል። ሆዱ እንዲህ የሻከረ ጀልባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሞተር ያለውም እንደ ሆነ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። ከእንጨት የተሠራውን ጀልባ ደግሞ እየቦረቦረ የሚበላ የባሕር ትል አለ።

ስለዚህ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1761 ዓ.ም. አላርም የምትባለውን የጦር መርከብ ሆድ በስስ የመዳብ ሰሌዳ አለበሰ። ትሉም ሣሩም በመዳቡ ላይ መኖር አልቻሉም። ነገር ግን መርከቧ ከጥቂት ዘመን በኋላ በተመረመረች ጊዜ፤ መዳቡ የነካቸው የብረት ምስማሮች በዝገት ተበልተው ተገኙ። ብረትና መዳብ በጨው ውኃ ውስጥ የተነካኩ እንደ ሆነ ብረቱ ፈጥኖ ይበላልና። በመዳብ የተሠራ ቀለም በአሉሚኒየም ጀልባ ላይ የማይቀባው ስለዚሁ ነው።

በ1824 ዓ.ም. ሃምፍሪ ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ የመርከቡ መዳብ በባሕር ውኃ እንዳይበላ ፈልጎ፤ የብረትና የዚንክ ቍራጭ አያያዘበት። መዳቡም ከመበላት ዳነ፤ ነገር ግን ሣሩና ዛጎሉ ተመልሰው በላዩ በቀሉ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ መዳብ የመርከቡን ሆድ የሚጠብቀው ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ወደ ውኃው ሲገባ ብቻ ነው። ዛሬ የሚቀባውም ቀለም በዚሁ ሕግ ይሠራል፤ አብዛኛው በውስጡ ከመዳብ የተገኘ ዱቄት አለበት። በቀድሞው ዘመን በተሠራው ቀለም ውስጥ ባዜቃና አርሰኒክ ይጨመሩ ነበር፤ ከሥሩም ቀይ የእርሳስ ቀለም ይቀባ ነበር።

ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ደግሞ ከቆርቆሮ ማዕድን የተዘጋጀ ትሪቡቲልቲን የሚባል ብርቱ መርዝ በቀለሙ ውስጥ ገባ። በፈረንሳይ አገር በአርካሾን የባሕር ወሽመጥ ሰዎች ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ለምግብ ያረባሉ። በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የኦይስተሩ ግልገሎች አልቀው እርባታው ተቋረጠ፤ የትልልቆቹም ዛጎል ያለ መጠን እየወፈረ ለገበያ የማይሆን ሆነ። በተመረመረ ጊዜም ምክንያቱ በወሽመጡ ውስጥ ከቆሙት ጀልባዎች ሆድ የሚሟሟው ቀለም ሆኖ ተገኘ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1982 ዓ.ም. ርዝመታቸው ከ25 ሜትር በታች በሆኑት በአብዛኞቹ ጀልባዎች ላይ ይህ ቀለም እንዳይቀባ ከለከለ። ከዚያም በኋላ በ2001 ዓ.ም. መንግሥታት በዓለም አቀፍ የባሕር ጉዞ ድርጅት ተሰብስበው መርዙን የሚከለክል ስምምነት ጻፉ፤ ስምምነቱም በ2008 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ።

ነገር ግን የአሮጌ ጀልባ ቀለም በየዓመቱ እየተደራረበ የተቀባ ነውና፤ ከላይ የሚታየው አዲስ ቢሆንም ከሥሩ የተከለከለው ሊገኝ ይችላል።

2ኛ፤ ማስለቀቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ቀለም ስላረጀ ብቻ ሊላቀቅ አይገባውም። አጥብቆ የያዘ፤ ያልተሰነጠቀና ያልተላጠ እንደ ሆነ፤ ታጥቦና በውኃ እየራሰ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ተፈግፍጎ፤ ከእርሱ ጋራ የሚስማማ አዲስ ቀለም ይቀባበታል። ከመደራረብ የተነሣ ወፍሮ እንደ ዛፍ ቅርፊት የሚነሣ ከሆነ ግን፤ በላዩ የሚቀባው አዲስ ቀለም ከአሮጌው ጋራ አብሮ ይወድቃል። ያን ጊዜ ማስለቀቅ ግድ ይሆናል።

ደረቁን ቀለም መፈግፈግ እጅግ ክፉ ነው፤ መርዙ ዱቄት ሆኖ ወደ ሳንባ ይገባልና። በእሳት ነበልባል ማቃጠልም መርዛም ጢስ ስለሚያወጣ የተከለከለ ሥራ ነው። መድኃኒት ቀለሙን እርጥብ አድርጎ ስለሚያነሣ ዱቄት አያስነሣም፤ ስለዚህ ብዙ ሰዎች መርጠውታል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ደግሞ የራሱ የሆነ ክፋት አለው።

3ኛ፤ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ

የደረቀ ቀለም እንደ ሸማ ድርና ማግ እርስ በርሱ ተያይዞ የሚኖር ነው። መድኃኒቱ በድሩና በማጉ መካከል ሰርጎ ገብቶ ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ ያበጠውም ቀለም ስፍራ ሲጠበው ተጨማዶ ይዞት ከነበረው ገላ ይላቀቃል። እንግዲህ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ጊዜ ነው፤ የሰው ጕልበት በኋላ ይከተላል።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ፈጣኑ ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባለው ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ቀለምን ያነሣል። ነገር ግን በ40 ዲግሪ ሙቀት ገደማ የሚፈላ ስለ ሆነ፤ በማናቸውም ቀን ፈጥኖ ይተናል። ትነቱም ከአየር ይልቅ ከባድ ነውና ወደ ታች ወርዶ በምድር ላይ ይተኛል። የጀልባን ሆድ የሚያጠራ ሠራተኛ ከጀልባው ሥር ጐንበስ ብሎ ወይም ተኝቶ ስለሚሠራ፤ አፍንጫው ትነቱ በተኛበት ስፍራ ይገኛል። ይህ ትነት አእምሮን ያደነዝዛል፤ ሲበዛም ትንፋሽን ያቆማል፤ ከፊሉም በሰውነት ውስጥ ተለውጦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት በሌሊት ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙትን ሰዎች የሚገድለው ያው መርዝ ነው።

በአሜሪካ አገር ከ2000 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ፤ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አሮጌ ቀለም በዚህ መድኃኒት ሲያስለቅቁ 13 ሠራተኞች እንደ ሞቱ በመንግሥት ምርመራ ተረጋግጧል። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ዓ.ም. ይህ መድኃኒት ያለበት የቀለም ማስለቀቂያ ለሕዝብ እንዳይሸጥ ወሰነ፤ የአሜሪካም መንግሥት በ2019 ዓ.ም. ለቤት ሥራ መሸጡን ከለከለ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ክልከላውን አሰፋው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር ግን በሱቅ ሊገኝ ስለሚችል፤ ገዢው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት በጣሳው ላይ የተጻፈውን ስም ያንብብ። ማንበብ መቻል በዚህ ስፍራ ነፍስን ያድናል።

ሁለተኛው ወገን ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ነው። ይህ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፤ እንጨትን ያጠቍራል፤ አሉሚኒየምንም ይበላል፤ ሲበላውም በቀላሉ የሚቀጣጠል የሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል። ሦስተኛው በቤንዚል አልኮል የተዘጋጀው ነው። እርሱ ዝግተኛ ነው፤ ብዙ ሰዓት አንዳንድ ጊዜም ሌሊቱን ሁሉ ያስጠብቃል። ነገር ግን ትነቱ ከፊተኛው እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፤ ጓንትና መነጽር አድርጎ ለሚታገሥ ሰው የተሻለ ነው።

የዛሬ ጀልባ ብዙው ገላው ፋይበርግላስ ነው፤ ይኸውም ከመስተዋት ክርና ከሙጫ የተሠራ ነው። ሙጫው ራሱ የቀለም ዘመድ ስለ ሆነ፤ ለፋይበርግላስ ያልተዘጋጀ መድኃኒት ቀለሙን በልቶ ሲጨርስ የጀልባውን ገላ መብላት ይጀምራል። ስለዚህ በጣሳው ላይ ለየትኛው ገላ እንደ ተዘጋጀ ሳይነበብ መድኃኒት አይከፈትም።

4ኛ፤ የሥራው ተራ

ሥራው ነፋስ እንደ ልብ በሚያልፍበት በገላጣ ስፍራ ይደረጋል። ብርቱ ፀሐይ በሌለበት ሰዓት ይጀመር፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ሳይሠራ ያደርቀዋልና። ሕፃናትና እንስሳት ከዚያ ይራቁ፤ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ፤ በሥራውም ስፍራ እህል ውኃ አይቀመስ። ሠራተኛው መድኃኒቱ የማይበሳውን በጣሳው ላይ የታዘዘውን ጓንት፤ ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽርና እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበስ። ዓይኑን የነካው እንደ ሆነ ሳይዘገይ ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ በንጹሕ ውኃ ያጥበው፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ይሂድ።

አስቀድሞ ከጀልባው ሥር ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ ጠርዙ ከፍ ብሎ ይነጠፋል፤ አንዲት ጠብታም ወደ አፈር ወይም ወደ ፍሳሽ ቦይ እንዳትወርድ ነው። ከዚያም የመዳፍ ስፋት ባለው ስፍራ ላይ መድኃኒቱ ይሞከራል፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ገላውን እንደማይጐዳ በዚህ ይታወቃል።

ሙከራው ከተሳካ መድኃኒቱ በብሩሽ ወፍራም ተደርጎ በአንድ አቅጣጫ ይቀባል። ተመላልሶ መቀባት መድኃኒቱን ያተነዋልና አይገባም። በላዩም ስስ ላስቲክ ይለበጥበታል፤ በጣሳው የታዘዘው ጊዜ እስኪደርስ ድረስም ይጠበቃል። ጊዜው ሲደርስ ቀለሙ ጠርዙ በደነዘዘ መፋቂያ በቀስታ ይነሣል። የማይነሣ ቢኖር ሁለተኛ ጊዜ መድኃኒት ይቀባለታል፤ ስለ እንቢታው በጕልበት አይገፋም።

ብራና ፋቂ ይህን ነገር ያውቃል። ብራናው በችካር ተወጥሮ ሳለ ጠጕሩና ስቡ የሚያልቅበትን፤ ቆዳውም የሚጀምርበትን ወሰን እጁ ይነግረዋል፤ ቸኵሎ ከወሰኑ ያለፈ እንደ ሆነ ብራናው ይበሳል። የጀልባም ገላ እንዲሁ ነው። ከቀለሙ በታች ያለው ስስ መሸፈኛ የተፋቀ እንደ ሆነ ውኃ ወደ ገላው ይሰርጋልና፤ ባለቤቱ ከቀለም ይልቅ ለጥገና ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

ቀለሙ ሁሉ ከተነሣ በኋላ የመድኃኒቱ ቅሬታ በጣሳው እንደ ታዘዘ ይታጠባል፤ ገላው ፈጽሞ ይደርቃል፤ ስንጥቁ ይጠገናል፤ ከዚያም አዲሱ ቀለም በተራው ይቀባል።

5ኛ፤ የተላቀቀው ቀለም ወዴት እንደሚሄድ

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጀልባው ሲጠራላቸው ሥራው ያለቀ መስሏቸው፤ የተፋቀውን ዝቃጭ በውኃ አጥበው ወደ ባሕር ይሰዱታል። ነገር ግን መዳቡ በሆዱ ላይ ሳለ በብዙ ወራት የሚሟሟውን፤ እነርሱ በአንድ ቀን አፈሰሱት ማለት ነው። መዳብ ሲበዛ የዓሣን ስንጥብ ይጐዳል፤ በወደብ ጭቃ ውስጥ የተቀመጠም ለብዙ ዘመን አይጠፋም።

ስለዚህ ዝቃጩ፤ ላስቲኩ፤ መጥረጊያው ጨርቅና የታጠበበት ውኃ ተሰብስበው ክዳን ባለው ዕቃ ይገባሉ፤ ምን እንደ ሆኑም በላዩ ይጻፍበታል፤ በወደቡ ለመርዛም ጥራጊ ለተሰየመው ተቀባይ ይሰጣሉ። ሠራተኛውም ልብሱን ከቤተ ሰቡ ልብስ ለይቶ ያጥባል። ሥራው ተፈጸመ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

6ኛ፤ ይህ ትምህርት ባሕር ላላየ ተማሪ ስለሚሰጠው ጥቅም

በጣና ሐይቅ ላይ የሚሄደው የደንገል ታንኳ ቀለም አያስፈልገውም። ከውኃ ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ሲያረጅም በአዲስ ይተካል። ነገር ግን በየመንደሩ በዘይት ቀለም የተቀባ በር፤ መስኮትና ወንበር ይገኛል፤ በአሮጌው የዘይት ቀለም ውስጥም እርሳስ ሊኖር ይችላል። የእርሳስ ዱቄት የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ መርዝ ነው። ስለዚህ በጀልባው ሆድ ላይ የተነገረው ሁሉ በትምህርት ቤት በርም ላይ ይሠራል፤ ደረቁን አለመፈግፈግ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በመድኃኒት አለመሥራት፤ የተፋቀውንም ወደ ወንዝና ወደ እርሻ አለመጣል ይገባል።

ከሁሉም ይልቅ የመድኃኒቱ ባዶ ጣሳና ጀሪካን በመንደር ውስጥ ብርቱ ፈተና ነው። ዕቃው ጠንካራ ስለ ሆነ መጣሉ ያሳዝናል፤ ሰውም አጥቦ ውኃ ወይም ዘይት ሊቀዳበት ይወዳል። መድኃኒቱ ግን በጥቂት መታጠብ ከላስቲኩ ገላ ፈጽሞ አይለቅም። እንዲህ ያለው ዕቃ ተበስቶ ለሌላ አገልግሎት እንዳይሆን ይደረግ፤ የሚጠጣ ውኃም ፈጽሞ አይቀዳበት። ማንበብ የተማረ ልጅ በጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለእናቱና ለጎረቤቱ ያንብብላቸው።