ጧት ዘጌ፣ ከሰዓት አውራምባ፤ ብቻዋን ለምትጓዝ እናት
ዕረፍት ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ለበዓል ዘመድ ቤት መሄድን ነው። እዚያም ቢሆን ጓዳ ገብተን ሽንኩርት ስንልጥ፣ ቡና ስናፈላ ቀኑ ይመሻል። አንዲት እናት ልጆቿን ከአባታቸው ጋር ትታ፣ አገሯን ለማየት ብቻ ከቤቷ ብትወጣ ግን «ምን ነካት?» መባሏ አይቀርም። ውድ አንባቢ፣ እርስዎስ አንድ ቀን ቢሞክሩት? ከጣና ዳር እስከ ፎገራ ሜዳ የሚወስደውን መንገድ እንጠቁምዎ።

ከባሕር ዳር በማለዳ ይነሡ። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚበረታ ለጀልባ የሚመቸው ጧት ነው። አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዙ ዘጌ ይደርሳሉ። በዚያ በቆየው ሥርዓት መሠረት በበሬ ማረስ ስለማይፈቀድ፣ ቡናውና ደኑ ተጠብቆ ኖሯል። በቡናው ጥላ ሥር ጥቂት በእግር ሄደው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያገኛሉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ በትረ ማርያም እንደተመሠረተ ይነገራል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱም ግድግዳ በሥዕል ተሞልቷል። ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ መጽሐፉ ይህ ሥዕል ነበረ። ረጅም ቀሚስና ነጠላ አይርሱ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል።

የጣና ገዳማት ሁሉ ግን ለሴት ክፍት አይደሉም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። በዚያው ሐይቅ ላይ፣ በደቅ ደሴት የሚገኘውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ደግሞ ሴት ናቸው፤ እቴጌ ምንትዋብ። በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚያሳየው ሥዕላቸው በዚያው ይገኛል። ደቅ ሩቅ ስለሆነ ለዚህ ቀን አይበቃም፤ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ከቀትር በፊት ወደ ባሕር ዳር ተመልሰው የወረታን መኪና ይያዙ። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጉማራን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የፎገራ ሜዳ በግራና በቀኝ ይዘረጋል። በክረምት የጉማራና የርብ ውኃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ በወተት ላሞቹ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በሩዝ። ሩዝ እዚህ የተለመደው በ1970ዎቹ፣ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ ነበር። አሁን ወረታ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። የአካባቢው እናቶች ሩዙን ከጤፍ ጋር ደባልቀው እንጀራ ይጋግሩበታል። ምሳዎን ወረታ ሲበሉ ይቅመሱት፤ ለቤትዎም የሚሆን ሙያ ነው።

ከወረታ በደብረ ታቦር መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ወደ ውስጥ ጥቂት ሲገቡ አውራምባ ይገኛል። በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። በአውራምባ ግን ሴቷም ከሸማ ዕቃው ላይ ትቀመጣለች፤ ወንዱም ይፈትላል። እርፍ የጨበጠች ሴት፣ እንጀራ የሚጋግር ወንድ እዚያ አያስገርምም። ልጆች በቤተሰቡ ውይይት ላይ ሐሳባቸውን ይናገራሉ። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን በማኅበሩ ቤት ይጦራሉ። በደንባቸው ሴት ልጅ 19፣ ወንድ ልጅ 22 ዓመት ሳይሞላቸው አይጋቡም። ልጅነቷን ሳትጨርስ የተዳረች እናት ወይም አያት ያለን ሁሉ የዚህን ደንብ ዋጋ እናውቃለን።

መንደሩ በ1964 ዓ.ም. ሲመሠረት 19 ያህል ሰዎች ነበሩት። መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ ትምህርት ቤት የገቡ ሰው አይደሉም። ሐሳቡ የተጸነሰባቸው በልጅነታቸው እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል፤ እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ውለው ሲመለሱ፣ አባት ያርፋሉ፤ እናት ግን ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ የባላቸውንም እግር ያጥባሉ። ልጁ «ለምን?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ዋጋ አስከፍሏል። ማኅበረተኞቹ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌላቸው በመሆናቸውና በአኗኗራቸው ከጎረቤት ጋር ተቃቅረው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እስከ መሰደድ ደርሰው ነበር። ሲመለሱ የቀራቸው መሬት ጥቂት ስለሆነ በሽመና፣ በወፍጮና በንግድ ኑሯቸውን አቀኑ።

ስለ ጥንቃቄውም እንንገርዎ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ፤ ሰላም ካልሆነ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያስተላልፉ። በቀን ብቻ ይጓዙ፤ የሚደርሱበትን ሰዓት ለቤተሰብዎ ይንገሩ። ከመሸብዎ ወረታ ይደሩ እንጂ በጨለማ መንገድ አይግቡ።

ከአውራምባ ጋቢ ወይም ፎጣ ገዝተው ይመለሱ ይሆናል። ከዚያ የሚበልጠው ስጦታ ግን ያ የልጅ ጥያቄ ነው። እርስዎም ከመሥሪያ ቤት፣ ባለቤትዎም ከመሥሪያ ቤት በአንድ ሰዓት ስትገቡ፣ ማን ወንበር ላይ ይቀመጣል? ማንስ ምድጃ ሥር? መንደሩን ሁሉ ወደ ቤት ማምጣት አይቻልም። ወንድ ልጅዎን ግን ዛሬ ማታ ሰሐን እንዲያጥብ፣ ነገ ወጥ እንዲያማስል ማስተማር ይቻላል። እርስዎ ለአንድ ቀን ሲሄዱም፣ ቤቱ ያለ እርስዎ መዋል እንደሚችል ያን ጊዜ ሁሉም ያየዋል።