ሌዘር የህዋን ቆሻሻ ይጠርግ ይሆን?

በነሐሴ 2016 ሴንቲኔል-1ኤ የተባለው የአውሮፓ የምድር ቅኝት ሳተላይት ኃይል በድንገት ቀነሰበት፤ አቅጣጫውም በመጠኑ ተዛነፈ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሳተላይቱ በመጠቀበት ወቅት የፀሐይ ሰሌዳዎቹ በትክክል መዘርጋታቸውን ለማየት የተገጠሙለት ካሜራዎች ነበሩትና መሐንዲሶቹ መልሰው አበሯቸው። በአንዱ ሰሌዳ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጉዳት ታየ። መቺው ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን ቅንጣት እንደሆነች ተገመተ።

ጉዳዩ የፍጥነት ነው። በዝቅተኛው ምሕዋር ያለ ነገር በአብዛኛው በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በየካቲት 2009 የአሜሪካው ኢሪዲየም 33 እና ሥራ ያቆመው የሩሲያ ኮስሞስ 2251 ከሳይቤሪያ በላይ ሲላተሙ፣ አንዱ ለሌላው የነበረው ፍጥነት በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ሁለቱም እንዳልነበሩ ሆኑ፤ በምትካቸው በራዳር የሚታዩ ወደ 2,000 የሚጠጉ ስብርባሪዎች ቀሩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቻይና ፌንግዩን-1ሲ የተባለውን የራሷን አሮጌ የአየር ጠባይ ሳተላይት በሚሳይል መትታ ነበር። ያ ደግሞ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ከ3,000 በላይ ስብርባሪ አተረፈ። ሩሲያም በኅዳር 2021 ያንኑ ደገመች፣ በዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ የነበሩትም ሰዎች፣ የራሷን ዜጎች ጨምሮ፣ መመለሻ መንኮራኩሮቻቸው ውስጥ ገብተው ተጠለሉ።

የናሳው ዶናልድ ኬስለር ከባልደረባው ጋር ይህ ወዴት እንደሚያመራ የተነበየው በ1978 ነው። ስብርባሪ ሌላውን ሲመታ አዲስ ስብርባሪ ይወለዳል፤ ብዛቱ ከልክ ካለፈ አንድም ሮኬት ሳይተኮስ ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል። የከፍታው ነገርም አለ። ከ500 ኪሎ ሜትር በታች ስስ የሆነው አየር ቆሻሻውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎትቶ ያወርደዋል። 800 ኪሎ ሜትር ላይ ግን አንድ ምዕተ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የተሰጣት ምሕዋር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከላይ የሚወርደው ስብርባሪ በዚያ በኩል ማለፉ አይቀርም።

መረብ፣ ጦርና ማግኔት ተሞክረዋል። በ2018 ሪሙቭዴብሪስ የተባለው የእንግሊዝ መንኮራኩር ራሱ የለቀቀውን ዒላማ በመረብ ያዘ። ችግሩ ሁሉም መቅረብን ይጠይቃሉ። እየተሽከረከረ ወደሚጓዝ፣ እጀታም ሆነ መገናኛ ወደሌለው ብረት መጠጋት አደገኛ ነው፤ ለአንድ ቁራጭ አንድ ተልዕኮ መላክም ኪስ ያራቁታል።

ሌዘር የሚማርከው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ጨረሩ ቆሻሻውን አቃጥሎ የሚያጠፋው ይመስላቸዋል፤ እንደዚያ አይደለም። አጭርና ተደጋጋሚ የጨረር ምት የቁራጩን ገጽ ሲያገኘው በጣም ስስ የሆነ ንብርብር ይተናል። የሚፈናጠረው ትነት ቁራጩን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋዋል፤ ቁራጩ ከራሱ አካል ሞተር ተሠራለት ማለት ነው። ግፊቱ ኢምንት ነው፣ ነገር ግን ይደጋገማል። 800 ኪሎ ሜትር ላይ ያለን ነገር አየሩ እስኪቀበለው ድረስ ለማውረድ ከፍጥነቱ በሰከንድ 200 ሜትር እንኳ መቀነስ አያስፈልግም። ቀሪውን አየሩ ይጨርሰዋል።

በ1996 የናሳው የኦራይን ጥናት ጨረሩ ከምድር እንዲተኮስ አስቦ ነበር። ከምድር ሲተኮስ ግን ከባቢ አየር ጨረሩን ይበትነዋል፣ ደመናም ይጋርደዋል። በ2015 የጃፓኑ ሪኬን የምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ሌዘሩን ወደ ህዋ ጣቢያው የመውሰድ ሐሳብ አቀረቡ። በ2020 ደግሞ ስካይ ፐርፌክት ጄሳት የተባለው የጃፓን የሳተላይት ኩባንያ ከሪኬን ጋር ሆኖ ሌዘር የታጠቀ ሳተላይት እንደሚሠራና አገልግሎቱን በ2026 ለመጀመር እንዳቀደ አስታወቀ፤ ሥራውን የሚመራ ኦርቢታል ሌዘርስ የተባለ ኩባንያም በ2024 ተቋቋመ። በእኔ ግምት የቀኑ ጉዳይ ይቆይ እንጂ መንገዱ ትክክል ነው፣ በተለይ ለአንድ ሥራ። ጨረሩ ቁራጩን ባያወርደው እንኳ ሽክርክሪቱን ሊያበርድለት ይችላል። ያን ጊዜ መረቡም የሮቦት ክንዱም ሊቀርቡት ይደፍራሉ።

ሌዘር ግን ለሁሉም ቆሻሻ አይሆንም። በ2020 የወጣ የባለሙያዎች ዝርዝር በአደገኛነት ከፊት ያሰለፈው በሶቪየት ዘመን የተነደፉትን የዜኒት ሮኬቶች ቅሪት ነው። እያንዳንዱ 9 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ለዚያ ክንድ ያለው መንኮራኩር እንጂ የጨረር ጭረት አይበቃም። ሌዘር በደንብ የሚያዋጣው ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ለሆኑት ነው፤ የአውሮፓ የህዋ ኤጀንሲ ቁጥራቸውን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። ናሳም በ2023 ባወጣው የወጪና ጥቅም ትንተና እነዚህን በሌዘር ማስወገድ አስር ዓመት ገደማ ውስጥ ወጪውን ሊመልስ እንደሚችል አስቀምጧል።

የማያልቀው ክርክር የሕግ ነው። በ1967ቱ የህዋ ስምምነት መሠረት አንድ አገር ያስመዘገበው ነገር ቢሞትም ቢሰበርም የዚያው አገር ነው፤ ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም። ቆሻሻ የሚገፋ ጨረር የጎረቤትን ሰላይ ሳተላይትም ሊገፋ ወይም ዓይኑን ሊያሳውር ይችላልና ጥርጣሬው ከንቱ አይደለም። አስትሮስኬል የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ በ2024 አንድ የሮኬት ቅሪት አጠገብ 15 ሜትር ድረስ ሲጠጋ፣ የመረጠው የጃፓንን ሮኬት ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው እዚያው አገር ቤት ነበር። ሌዘር ከሁሉም በላይ የሚመጥናቸው ጥቃቅን ስብርባሪዎች ግን አብዛኞቹ በራዳር መዝገብ ውስጥ እንኳ የሉም፤ ከየትኛው ሳተላይት እንደተገነጠሉም አይታወቅም። ስምምነቱ ፈቃድ ይጠየቅ ሲል፣ ለእነዚህ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አይናገርም።