የድምፅ ስፋትና የድምፅ ጣዕም

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በወልድያ ከተማ ጎረቤቴ የሆነ አንድ አባት የ14 ዓመት ልጁን ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ጋር ሲቆም የኖረ ነው። አባትዬው ከተቀመጠ በኋላ፣ «የኔታ፣ ልጄ መዝሙሩን ልተው አለኝ። ድምፁ እንደ ድሮው ወደ ላይ አልወጣ ስላለው ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እርሱም አፈረ» ሲል ነገረኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ያን ዕለት ለሁለቱ የነገርኋቸው ቃል ልጆች ላሏቸው አንባብያን ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ።

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን ለይተን እንወቅ። የድምፅ ስፋት ማለት አንድ ሰው ሊያወጣ ከሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ እስከ ከፍተኛው ያለው ርቀት ነው። የሚለካውም ኦክታቭ በሚባል ደረጃ ነው፤ በሴኮንድ 220 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ በእጥፍ አድጎ 440 በሆነ ጊዜ አንድ ኦክታቭ ወጣ ይባላል። የድምፅ ጣዕም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከማንቁርት የሚነሣው ንዝረት ብቻውን አይወጣም፤ ብዙ ረቂቃን ድምፆች ተደርበውበት ይወጣል እንጂ። እነዚህም በጕሮሮ፣ በአፍና በአፍንጫ ሲያልፉ አንዳንዶቹ ይጐላሉ፤ አንዳንዶቹ ይደበዝዛሉ። ማሲንቆና ዋሽንት አንዱን ድምፅ ቢያሰሙ እንኳ ጆሮ የሚለያቸው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ስፋት በመሣሪያ ይለካል፤ ጣዕም ግን በጆሮና በልብ ይመዘናል።

ስፋትን ለብቻው የተከተለ ሰው የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል አንድ ምሳሌ እንመልከት። ቲም ስቶርምስ የሚባል አሜሪካዊ ዘማሪ በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከሰው ሁሉ ዝቅ ያለ ድምፅ አውጥቷል ተብሎ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ተጽፎለታል። ያም ድምፅ በሴኮንድ 0.189 ጊዜ ብቻ የሚነዝር ነው። ነገር ግን የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ንዝረት በታች ያለውን ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ያን ድምፅ መሣሪያ ለካው እንጂ በጆሮው ያደመጠው ሰው የለም። ነገሩ በእውነት ያስደንቃል፤ ነገር ግን ማንም ያልሰማው ዜማ ማንን ሊያጽናና ይችላል?

የእኛ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሚዛናቸው ሌላ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ በሦስት ከፈለው። አራራይ ማለት የሚያራራ ማለት ነው፤ ስሙ የወጣለት ሰሚውን በሚያሳዝንበት ጣዕሙ እንጂ በከፍታው ልክ አይደለም። በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን 8 ዋና ዋና ምልክቶችም እንመልከት፤ እነርሱም ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቍርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ናቸው። ድፋት፣ ቅናትና ደረት ስለ ዝቅታና ስለ ከፍታ ይናገራሉ፤ የቀሩት ግን ድምፁ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቈረጥ የሚያስተምሩ ናቸው። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የሚሄድ ደቀ መዝሙርም የሚፈተነው ዜማውን ሳያፋልስ በመያዙ ነው።

በገናም ይህንኑ ይመሰክራል። 10 አውታሮች አሉት፤ ነገር ግን ደርዳሪው ሁሉንም አይመታም፤ አንዳንዶቹ ለጣቱ ማሳረፊያ ብቻ ናቸው። የሚዘምርበትም ድምፅ ለንግግር የቀረበ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ሆኖም በዐቢይ ጾም ማታ በገና የሰማ ሰው እንባውን መያዝ ይቸግረዋል። በዚሁ በእኛው በሰሜን ወሎ፣ በላሊበላ፣ በልደት ዕለት ካህናቱ ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ዓለት ጠርዝ ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች በቅጥሩ ውስጥ ሆነው ቤዛ ኵሉን ሲቀባበሉ ልብ የሚነካው የአንድ ሰው የድምፅ ርዝመት ሳይሆን የሁሉ አንድነት ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጪ ያለው ዘፈንም ከዚህ አይለይም። ከሀብሩ በስተደቡብ ያለው የአምባሰል አገር ስሙን ለአንዱ ቅኝት ሰጥቷል። ይህ ቅኝት እንደ ትዝታና እንደ ባቲ ሁሉ በ5 ድምፆች የቆመ ነው፤ የሚያጅበውም ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ አለው። የአገራችን ሰው ናፍቆቱንና ኀዘኑን በዚያ በጥቂቱ ሲያወርድበት ኖሯል።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲቃረብ ማንቁርቱ ያድጋል፤ የድምፅ አውታሮቹም ይረዝማሉ፤ ይወፍራሉም። ስለዚህ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ያህል ዝቅ ይላል፤ እስኪረጋም ድረስ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይፈጃል። የሴቶች ልጆች ድምፅም ይለወጣል፤ ለውጡ ግን ጥቂት ነው። ይህ ዕድገት እንጂ ጉድለት አይደለም። እኔም በመርሳ አጠገብ ዜማ ስማር በዚያው ዕድሜ ድምፄ ሲሰበር እልህ ይዞኝ፣ በማኅሌት ሌሊት እየጮኽሁ ወደ ላይ ልወጣ ስታገል ብዙ ሳምንት ድምፄ ተዘግቶ ቆየ። መምህሬም በዚያ ጊዜ እንዳዳምጥ ብቻ አዘዙኝ። እንደ ቅጣት የቈጠርሁት ያ ዝምታ ዜማን ይበልጥ ያወቅሁበት ጊዜ ሆነ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ድምፁ የሚሰበር ልጃችሁ በሚመቸው ዝቅታ ይዘምር እንጂ እንዲጮኽ አታስገድዱት። ውኃ ይጠጣ፤ ጕሮሮው ሲደክም ይረፍ። ድምፁ ሻክሮ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ለሐኪም አሳዩት። መዘምራን የምትመርጡም ልጁ ምን ያህል ከፍ አለ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ቃሉ ይሰማልን? ዜማውን ይጠብቃልን? የጓደኛውን ድምፅ ያዳምጣልን? ብላችሁ ጠይቁ።

ያ ልጅ ዛሬ ከኋላው ረድፍ ቆሞ ያንኑ መዝሙር አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይዘምራል። ከሳቁበት ጓደኞቹም የሁለቱ ድምፅ በዚህ ዓመት መሰበር ጀምሯል፤ እርሱ ግን አልሳቀባቸውም፤ በአጠገቡ ቦታ ለቀቀላቸው እንጂ።