ናና አስማኡ፦ ግጥሞቿ በሴቶች ልብ የተጠበቁላት ዓሊማ



ዛሬ የምናወሳት እህት ናና አስማኡ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1793 በዛሬዋ ሰሜን ናይጄሪያ፣ ደገል በተባለች መንደር ከሐሰን ጋር መንታ ሆና ተወለደች። ስሟ በሂጅራው ጊዜ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንቅ ያቀበለችው የአስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ) ስም ነው። አባቷ ታላቁ ዓሊም ሸይኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ ናቸው። ሸይኹ ደረሶቻቸውን ሌት ተቀን እያስተማሩ ሚስቶቻቸውንና ሴት ልጆቻቸውን በጃሂልነት የሚተዉ ዑለማዎችን አጥብቀው ይወቅሱ ነበር። ወቀሳው እኛንም ኢማሞቹን ሳይነካን አያልፍም።

እ.ኤ.አ. በ1804 የተጀመረው ጦርነት ሲያበቃና የሶኮቶ መንግሥት ሲቆም፣ በየገጠሩ ሶላት እንኳ በቅጡ የማያውቁ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ማንበብ ለማትችል፣ ከወፍጮና ከልጅ ለማትላቀቅ እናት ኪታብ ቢሰጣት ምን ይሠራላታል? አስማኡ ዲኑን በግጥም አደረገችው። በዐረብኛ፣ በፉልፉልዴና በሐውሳ ጻፈች። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የጻፈችው ዐጀም በምንለው አጻጻፍ፣ በዐረብኛ ፊደል ነው። የወሎ ሸይኾች በዚሁ ፊደል የጻፉትን የአማርኛ መንዙማ የሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከሥራዎቿ አንዱ የ114ቱን ሱራዎች ስም በግጥም የደረደረ ነው፤ በሦስቱም ቋንቋዎች አዘጋጅታዋለች።

ትምህርቱን የሚያደርሱት «ያን ታሩ» የተባሉ ሴቶች ነበሩ። የመውለጃ ዕድሜያቸው ያለፈ እናቶችና ያላገቡ ልጃገረዶች «ጃጂ» በምትባል መሪያቸው ሥር ሆነው ሶኮቶ ድረስ በእግር ይመጣሉ፤ ግጥሙን በቃላቸው ይይዛሉ፤ ተመልሰው ለመንደራቸው ሴቶች ያስተምራሉ። ለጃጂዋ «ማልፋ» የተባለ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ይሰጣት ነበር። ማልፋ ቀድሞ ቦሪ የተባለው፣ የኛን አገር ዛር የሚመስለው አምልኮ ሴት አለቃ የምትደፋው ነበር። አስማኡ ባርኔጣውን አልጣለችውም፤ ለዒልም አዋለችው። ብልኅነቷ እዚህ ላይ ይታየናል።

ይህን ሁሉ የሠራችው ባለትዳርና የልጆች እናት ሆና ነው። ባሏ ጊዳዶ የሶኮቶ ወዚር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ወደ አኺራ ስትሄድ ማስተማሩን እህቷ መርየም ተረከበች።

ጽሑፎቿ ከመቶ ዓመት በላይ በዘሮቿ እጅ ቆዩ። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ወዚር ጁነይዱ ጠብቀው ያቆዩትን ጂን ቦይድ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር አሰናድታ እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ ጥራዝ አሳተመችው። ያን ታሩ የሚባሉ የሴቶች ስብስቦች በናይጄሪያ ዛሬም አሉ።